የፒየትሬንና የዱሮክ ልጆች የእድገት ኩርባ፦ 201 ኪሎና 264 ኪሎ የሚሉት ቁጥሮች ምን ያህል ይታመናሉ?

ጥያቄ፦ «ቤልጂየም ውስጥ በእንስሳት እርባታ ማስተርስ እየሠራሁ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ የሁለት አሳማ ቡድኖች የክብደት ዳታ ተሰጥቶኛል። እናቶቻቸው ከአንድ የዘር መስመር ናቸው። አባቶቻቸው ግን በአንዱ ቡድን ፒየትሬን፣ በሌላው ዱሮክ ናቸው። ከ70 ቀን እድሜያቸው (25 ኪሎ ገደማ) እስከ 170 ቀን ድረስ በየሁለት ሳምንቱ ተመዝነዋል። ጎምፐርትዝ፣ ሎጂስቲክ፣ ፎን በርታላንፊና ሪቻርድስ የሚባሉትን የእድገት ኩርባ ሞዴሎች ሞከርኩ። ሪቻርድስ እምቢ አለኝ፤ ሶፍትዌሩ መልስ ላይ አልደረሰም። የቀሩት ሦስቱ ግን አር ስኩዌርዳቸው (ከዳታው ጋር የመግጠማቸው መለኪያ፤ ጣሪያው 1) ከ0.99 በላይ ነው። በጎምፐርትዝ የፒየትሬን ልጆች የአዋቂ ክብደት 201 ኪሎ፣ የብስለት ፍጥነታቸው 0.0131 ሆነ። የዱሮክ ልጆች 264 ኪሎና 0.0106። ዱሮክ በዘሩ ትልቅ ነው፣ ፒየትሬን ደግሞ ቶሎ ይበስላል ብዬ መጻፍ እችላለሁ? የትኛውን ሞዴል ልምረጥ? አገሬ ስመለስስ ዘዴውን ለዶሮና ለፍየል ልጠቀምበት እችላለሁ?»

መልስ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያው ጥያቄሽ ልጀምር። እንደዚያ ብለሽ አትጻፊ። ዳታሽ ጥሩ ነው፤ የሚነግርሽም ነገር አለው። ግን የሚነግርሽ ነገር 201 እና 264 ውስጥ የለም። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይሽ። ይህን አንዴ በደንብ ከተረዳሽው ስለ ሞዴል ምርጫ የጠየቅሽውም ግማሹ በራሱ ይመለሳል።

የጎምፐርትዝ ቀመር ሦስት ቁጥር አለው። አንዱ እንስሳው አድጎ ሲጨርስ የሚደርስበት ክብደት ነው፤ ኤ እንበለው። ሁለተኛው ወደዚያ ክብደት የሚጓዝበት የብስለት ፍጥነት ነው፤ ኬ እንበለው። ሦስተኛው ኩርባው በእድሜ መስመር ላይ የት እንደሚያርፍ ይወስናል። ከኤ እና ከኬ ብቻ ብዙ ነገር ይወጣል። የቀን ጭማሪው ጣሪያ የሚነካው ክብደቱ የኤ 37 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። የጣሪያው መጠን ደግሞ ኤ በኬ ተባዝቶ ለ2.718 ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ያንቺን ቁጥሮች እናስገባ። ለፒየትሬን ልጆች 201 በ0.0131 ተባዝቶ ለ2.718 ሲካፈል በቀን 0.97 ኪሎ ይሰጣል፤ ይህም የሚሆነው 74 ኪሎ አካባቢ ላይ ነው። ለዱሮክ ልጆች በቀን 1.03 ኪሎ ይሆናል፤ 97 ኪሎ ላይ። አሁን አስተውዪ። የኤ ልዩነት 31 በመቶ ነው። የጣሪያው ልዩነት ግን 6 በመቶ ብቻ ነው። ኤ ከፍ ሲል ኬ ዝቅ ይላል፤ ብዜታቸው ግን ብዙም አይንቀሳቀስም። ይህ የአሳማዎቹ ባሕርይ ከመሆኑ በፊት የቀመሩ ባሕርይ ነው። ከሶፍትዌሩ የሁለቱን ፓራሜትሮች ኮሪሌሽን አውጥተሽ እዪው። ወደ ኔጌቲቭ 1 የተጠጋ ቁጥር እንደምታገኚ እገምታለሁ።

ጎምፐርትዝ አንድ ደስ የሚል ጠባይ አለው። የቀን ጭማሪውን ለራሱ ለክብደቱ ስታካፍዪ አንጻራዊ ጭማሪ ታገኛለሽ። ይህን ከክብደቱ ናቹራል ሎጋሪዝም ጋር ብትስዪው ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። የመስመሩ ቁልቁለት ኬ ነው። መስመሩ ዜሮ የሚነካበት ቦታ ደግሞ የኤ ሎጋሪዝም ነው። ስለዚህ ሦስት ሚዛን ካለሽ ኮምፒውተር አያስፈልግሽም፤ ካልኩሌተር ይበቃል።

አንድ አሳማ በ100ኛ ቀኑ 48.2፣ በ130ኛው 76.3፣ በ160ኛው 105.1 ኪሎ መዘነ እንበል። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ሎጋሪዝሙ በ0.4593 ጨመረ፤ በቀን 0.01531 ማለት ነው። በሁለተኛዎቹ 30 ቀናት በ0.3202 ጨመረ፤ በቀን 0.01067። የሁለቱ ጊዜያት መካከለኛ ክብደት በሎጋሪዝም 4.105 እና 4.495 ነው። ቁልቁለቱን አስዪው፤ ኬ 0.0119 ይመጣል። 0.01531 ለ0.0119 ሲካፈል 1.287 ነው። 4.105 ሲደመርበት 5.392። የዚህ ቁጥር ኤክስፖኔንሻል 220 ኪሎ ገደማ ነው። ይኸው ኤ።

አሁን መካከለኛውን ሚዛን ብቻ በአንድ ኪሎ ከፍ አድርጊው። 76.3 የነበረው 77.3 ይሁን። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ስሌቱን ድገሚው። ኬ 0.0141 ይሆናል፤ ኤ ወደ 186 ኪሎ ይወርዳል። አሁን ደግሞ በአንድ ኪሎ ዝቅ አድርጊውና 75.3 ይሁን። ኬ 0.0096፣ ኤ 282 ኪሎ!

አንድ ኪሎ ወዲህ፣ አንድ ኪሎ ወዲያ። የአዋቂ ክብደቱ ግን ከ186 እስከ 282 ተንከራተተ። አሳማ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ውሃ ጠጥቶ ቢመጣ አንድ ኪሎ ምንም አይደለም። የጣሪያውን ጭማሪ ግን በ186፣ በ220 እና በ282 ተራ እዪው፦ 0.97፣ 0.96፣ 1.00። እሱ ፈቀቅ አላለም ማለት ይቻላል። ዳታሽ በደንብ የሚያውቀው ነገር ይህ ነው፤ በተመዘነበት ክልል ውስጥ አሳማው በምን ፍጥነት እንደሚያድግ። አድጎ ሲጨርስ ስንት ኪሎ እንደሚሆን ግን አላየውም፤ ምክንያቱም አሳማው ግማሽ መንገድ ላይ ታርዷል። የ11 ዓመት ልጅ ቁመት ላይ ተነስቶ የጎልማሳ ቁመቱን በሴንቲሜትር መናገር እንደማለት ነው።

«የኔ ግን አንድ አሳማ አይደለም፣ ብዙ ነው፤ ስህተቱ ይቻቻላል» ትዪ ይሆናል። እውነትሽን ነው፤ የዘፈቀደው ስህተት ይቻቻላል። የማይቻቻለው ቡድኑን ሁሉ በአንድነት የሚነካው ነው። መሃል ላይ መኖ ተቀይሮ ከሆነ፣ አንድ ሳምንት ሙቀት በርትቶ ከሆነ፣ አንዱ ቡድን ሁልጊዜ ጠዋት ከመብላቱ በፊት ሌላው ከበላ በኋላ ተመዝኖ ከሆነ፣ መቶ አሳማም ቢሆን አያድንሽም። ኩርባው በዚያ ጊዜ ትንሽ ጎበጥ ይላል። ቀመሩ ያንን ጉብጠት ወስዶ እስከ አዋቂነት ይዘረጋዋል።

ለነገሩ 201 ኪሎ ብቻውንም ጥርጣሬ ሊያጭርብሽ ይገባ ነበር። በሥጋ አሳማ እርባታ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያደገች እናት አሳማ 250 ኪሎ መድረሷ የተለመደ ነው። የልጆቹ እናቶች እዚያው እርባታ ጣቢያ ካሉ ሄደሽ ሚዛናቸውን ጠይቂ። አንድ እውነተኛ የአዋቂ ሚዛን ከብዙ ገጽ ስታቲስቲክስ ይበልጥ ይጠቅምሻል።

ታዲያ ምን ትጻፊ? ራስሽ ካወጣሻቸው ቁጥሮች ኩርባዎቹን መልሼ አሰላኋቸው፤ ሁለቱም ቡድኖች በ70ኛው ቀን 25 ኪሎ ናቸው ብዬ። በ120ኛው ቀን የፒየትሬን ልጆች 68 ኪሎ፣ የዱሮክ ልጆች 66 ኪሎ ናቸው። በ155ኛው ቀን ሁለቱም 101 ኪሎ ላይ ይገናኛሉ። በ170ኛው ቀን ዱሮክ 116.7፣ ፒየትሬን 114.5 ነው። የአዋቂ ክብደት ልዩነቱ 63 ኪሎ የተባለላቸው ሁለት ቡድኖች መጨረሻው ሚዛን ላይ የሚለያዩት በሁለት ኪሎ ነው።

ግን ይህን በቀን ጭማሪ እዪው። ከ70 እስከ 120 ቀን ፒየትሬን በቀን 861 ግራም፣ ዱሮክ 819 ግራም ጨመሩ። ከ120 እስከ 170 ቀን ፒየትሬን 929፣ ዱሮክ 1015። ፒየትሬን ቀድሞ ይሮጣል፤ ዱሮክ ኋላ ላይ ያይላል። ውጤትሽ ይህ ነው! የሥነ ሕይወት ትርጉምም አለው፤ ለገበሬውም ይጠቅማል። እርዱ 100 ኪሎ ላይ ከሆነ አንዱ አይሻልም፤ 130 ኪሎ ድረስ የሚያቆይ ገበሬ ግን ልዩነቱን በደንብ ያየዋል። ስለዚህ በሠንጠረዥሽ ውስጥ በተወሰኑ እድሜዎች የተገመተ ክብደት፣ በየክፍለ ጊዜው የቀን ጭማሪና 110 ኪሎ የሚደረስበት እድሜ ይግቡ፤ እያንዳንዳቸው ከነመተማመኛ ወሰናቸው። ኤ እና ኬ አባሪ ላይ ይቀመጡ።

መጀመሪያ ግን የኩርባዎቹ መሻገር እውነት መሆኑን ፈትኚ። ቀላል መንገድ አለው። ለሁለቱም ቡድኖች አንድ የጋራ ኤ የሚሰጥ ሞዴል ሥሪ፤ ኬ እና ሦስተኛው ቁጥር ብቻ ይለያዩ። ከዚያ ኤ በየቡድኑ የሚለያይበትን ሥሪ። የሁለቱን ኤአይሲ (ዝቅ ያለው የሚሻልበት የሞዴል ማወዳደሪያ ቁጥር) አወዳድሪ። የጋራው ሞዴል ያን ያህል ካልከፋ፣ ዳታሽ የኤ ልዩነትን መለየት አልቻለም ማለት ነው፤ ይህንንም በግልጽ ጻፊው። በጣም ከከፋ ደግሞ የኩርባዎቹ ቅርጽ በእርግጥ ይለያያል። ያኔም ቢሆን «የቅርጽ ልዩነት አለ» እንጂ «የአዋቂ ክብደት ልዩነት አለ» አትበዪ።

ቅርጹ ለምን ይለያያል? እዚህ ላይ ዘሮቹን ማወቅ ያስፈልጋል። ፒየትሬን ስሙን ያገኘው አሁን ካለሽበት አገር፣ ብራባንት ውስጥ ካለች መንደር ነው። ጡንቻማ ነው፤ ስቡ ትንሽ፣ ቀይ ሥጋው ብዙ። ግን ብዙ አይበላም። ክብደቱ ከፍ ሲል ጭማሪው ቀድሞ የሚደክመው በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው። ዱሮክ ከአሜሪካ የመጣው ቀዩ አሳማ ነው። በደንብ ይበላል፣ በፍጥነት ያድጋል፣ በሥጋው መሃል የሚገባው ስብም ከሌሎቹ ይበልጣል። ስለዚህ ያንቺ «የብስለት ፍጥነት» 0.0131 በከፊል የብስለት ሳይሆን የምግብ ፍላጎት ቁጥር ሊሆን ይችላል። ቀመሩ አሳማው ለምን እንደዘገየ አያውቅም። ጭማሪው ሲቀንስ ካየ «እየበሰለ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል።

ለዚህ ነው ስለ መኖው መጠየቅ ያለብሽ። ሁለቱ ቡድኖች አንድ መኖ በልተው ከሆነ፣ ያ መኖ ለማን ተስማማ? ትንሽ የሚበላና ብዙ ሥጋ የሚሠራ አሳማ በያንዳንዱ ኪሎ መኖ ውስጥ ብዙ ላይሲን (አንዱ የፕሮቲን መሥሪያ አሚኖ አሲድ) ይፈልጋል። ለአማካይ አሳማ የተዘጋጀ መኖ ለፒየትሬን ልጅ ሊያንሰው ይችላል። ያኔ የምታዪው የዘሩን አቅም ሳይሆን የመኖውን ጣሪያ ነው። ሙቀቱንም አትርሺ። አሳማ እንደኛ አያልበውም። ሲሞቀው መብላት ይቀንሳል፤ ትልቁ ከትንሹ ይበልጥ። መጨረሻው ወር በአውሮፓ የሙቀት ወቅት ላይ ከዋለ ሁለቱም ኩርባዎች ያለጊዜያቸው ይጎብጣሉ፤ ኤ ደግሞ ዝቅ ይላል።

ሌላም አለ፤ የሃሎቴን ጂን። በ1991 የታወቀ አንድ የጂን ለውጥ ፒየትሬን ውስጥ በብዛት ይገኝ ነበር። ጂኑ ቀይ ሥጋ ይጨምራል፤ ግን አሳማውን በጭንቀት የሚሞት ያደርገዋል፣ ሥጋውንም ያገረጣዋል። ሊዬዥ ውስጥ ከዚህ ጂን የጸዳ የፒየትሬን መስመር ወጥቷል። አባቶቹ ከጸዳው ወገን ናቸው ወይስ አይደሉም? የእርባታ ድርጅቱ መዝገብ ላይ መኖር አለበት። ሳይጻፍ ከቀረ አንባቢሽ የትኛውን ፒየትሬን እንደለካሽ አያውቅም።

ወደ ሞዴል ምርጫ ልምጣ። መጀመሪያ አር ስኩዌርድን እርሺው። ክብደት ከ25 ወደ 115 ኪሎ ሲወጣ የትኛውም ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ጥሩ አር ስኩዌርድ ያገኛል። ካንቺው የዱሮክ ኩርባ ላይ አምስት እድሜዎች ወስጄ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩበት። 0.996 ሆነ! ቀጥ ያለ መስመር አሳማ እንዴት እንደሚያድግ ምንም አያውቅም፤ ግን 0.996 አለው። ይልቅ ቀሪዎቹን ስህተቶች (ከተመዘነው ክብደት ላይ ሞዴሉ የገመተው ሲቀነስ) በእድሜ ላይ ሳዪያቸው። መጀመሪያ ላይ ከፍ፣ መሃል ላይ ዝቅ፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ከፍ የሚሉ ከሆነ ሞዴሉ ቅርጹን ስቶታል። ቀጥ ያለው መስመር ልክ እንደዚህ ነው የሚያደርገው፤ ስህተቱ ሁለቱ ጫፎች ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ከፍ ይላል፣ መሃል ላይ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ዝቅ ይላል።

ሦስቱ ሞዴሎች የሚለያዩት የቀን ጭማሪው ጣሪያ የት እንደሚደርስ አስቀድመው በመወሰናቸው ነው። ሎጂስቲክ የኤ ግማሽ ላይ ነው ይላል። ጎምፐርትዝ 37 በመቶ፣ ፎን በርታላንፊ 30 በመቶ ገደማ። አንቺ አትመርጪም፤ ቀመሩ ውስጥ ተቀብሯል። አሳማሽ ጣሪያውን 85 ኪሎ ላይ ነካ እንበል። በሎጂስቲክ ኤ ወደ 170፣ በጎምፐርትዝ 231፣ በበርታላንፊ 287 ይመጣል ማለት ነው፤ በግምት። ያው አሳማ፣ ሦስት የአዋቂ ክብደት። ያንቺንም ውጤት እዪው፤ ሎጂስቲኩ ትንሹን ኤ፣ በርታላንፊ ትልቁን የሰጠሽ ይመስለኛል። ሪቻርድስ የጣሪያውን ቦታ ነጻ ስለሚተወው አራተኛ ቁጥር ይጠይቃል። ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ዳታ ያንን ቁጥር የሚያገኝበት መረጃ የለውም። ለዚያ ነው እምቢ ያለሽ። አታስጨንቂው፤ ሶፍትዌሩ ትክክል ነው።

እኔ ካንቺ ቦታ ብሆን ጎምፐርትዝን እይዛለሁ። ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፤ ለአሳማ ሥጋና ፕሮቲንም በሰፊው ተሠርቶበታል፤ ከሌሎች ጋር ለማወዳደርም ይመቻል። የቀመሩ ታሪክ ራሱ ያስገርመኛል። ቤንጃሚን ጎምፐርትዝ አይሁዳዊ ስለነበር በዘመኑ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ አልተቀበለውም፤ ሒሳብ በራሱ ተማረ። በ1825 ቀመሩን ያወጣው ለሕይወት ኢንሹራንስ ነው፤ ሰዎች በእድሜያቸው እንዴት እንደሚሞቱ ለማስላት። ለእድገት ያዋሉት ሌሎች ናቸው፣ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ። ሎጂስቲኩም ቢሆን የጎረቤትሽ ነው፤ የብራስልሱ ፌርሁልስት በ1838 ለሕዝብ ቁጥር ያወጣው ነው።

አሠራሩ ላይ ጥቂት ነገር ልበል፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነውና። የአንድ አሳማ ስምንት ሚዛን ስምንት አሳማ አይደለም። ሁሉንም ነጥብ አንድ ላይ አፍስሰሽ ኩርባ ካሳለፍሽበት ስታንዳርድ ኤረሩ ከእውነቱ በጣም ያንሳል፤ ልዩነት የሌለበት ቦታ ልዩነት ታያለሽ። ነን ሊኒየር ሚክስድ ሞዴል ተጠቀሚ፤ እያንዳንዱ አሳማ የራሱ ኩርባ እንዲኖረው የሚፈቅድ ሞዴል ነው። ኤ ወይም ኬ ከአሳማ አሳማ ይለያይ፤ የአባት መስመሩ ቋሚ ኢፌክት ይሁን። ሁለቱንም ነጻ ማድረግ እምቢ ካለሽ አንዱን ብቻ ነጻ አድርጊ። የስህተቱ መጠን ከክብደቱ ጋር እንዲያድግም ፍቀጂለት፤ የ25 ኪሎ አሳማና የ115 ኪሎ አሳማ እኩል ስህተት የላቸውም። አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ኤንኤልኤምኢ የሚባለው ፓኬጅ ይህን ሁሉ ይሠራል። ኤስኤስጎምፐርትዝ የሚለውን ከተጠቀምሽ ግን ሦስተኛው ቁጥሩ ኬ ራሱ እንዳልሆነ እወቂ። 0.987 ብሎ ሲመልስልሽ አትደንግጪ፤ የሱ ሎጋሪዝም በኔጌቲቭ 0.0131 ነው። መነሻ ቁጥር ሲያስቸግርሽ ደግሞ ከላይ ያሳየሁሽን የሦስት ሚዛን ስሌት በቡድን አማካይ ላይ ሥሪ። ወዲያው ይይዝልሻል።

የአባቶቹንም ብዛት ተመልከቺ። በያንዳንዱ ዘር ሦስት አውራ ብቻ ካሉ፣ ልጆቹ ሁለት መቶ ቢሆኑም ያወዳደርሽው ሦስት አውራን ከሦስት አውራ ጋር ነው። አባት ሞዴሉ ውስጥ ራንደም ኢፌክት ሆኖ ይግባ፤ ማለትም ካሉት ብዙ አውራዎች በዘፈቀደ እንደተወሰደ ናሙና ይቆጠር። በረቱም እንደዚሁ። አንድ ዘር በአንድ በረት፣ ሌላው በሌላ በረት ብቻ ከነበረ በረቱንና ዘሩን የሚለይ ስታቲስቲክስ የለም። ወንድና ሴት፣ የተኮላሸና ያልተኮላሸም ተለይተው ይግቡ፤ የተኮላሸው ብዙ ይበላል፣ ቶሎም ይሰባል። በመጨረሻም እናቶቹ አንድ ስለሆኑ የምታዪው የዘር ልዩነት ግማሹን ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከአባቱ የወሰደው ግማሽ ጂን ነው። «ዱሮክ እንዲህ ነው» ሳይሆን «የዱሮክ አባት ልጆች እንዲህ ናቸው» ብለሽ ጻፊ።

አሁን በጣም ወደምወደው ነገር ልግባ፤ ጊዜ ካለሽ ጽሑፍሽን ከፍ የሚያደርገው ይህ ነው። ክብደት ብዙ ይደብቃል። ሁለት አሳማዎች በየሳምንቱ እኩል ሊመዝኑ ይችላሉ፤ አንዱ ሥጋ እየሠራ፣ ሌላው ስብ እያከማቸ። አንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። በውስጡ ያለው ጉልበት ከ5 ሜጋ ጁል ብዙም አይርቅም። አንድ ኪሎ የስብ ሕብረ ሕዋስ ግን ከ30 ሜጋ ጁል በላይ ይይዛል። ሚዛኑ ላይ ሁለቱም «አንድ ኪሎ» ናቸው፤ በመኖ ወጪ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ለዚህ ነው የዘር መስመሮችን በሞዴል የሚያወዳድሩ ሰዎች ከክብደት ወደ ፕሮቲን የተሻገሩት። በ1976 ኤዲንብራ ላይ ዊትሞርና ፎሴት ያወጡት ሞዴል መሠረቱ ቀላል ነው። አሳማው የሚበላው ሲጨምር የሚሠራው ፕሮቲን ይጨምራል፤ አንድ ጣሪያ እስኪደርስ። ከጣሪያው በላይ የገባው ጉልበት ሁሉ ስብ ይሆናል። ጣሪያው የዘሩ ነው። የፈረንሳዩ ኢንራፖርክ የሚባለው ሶፍትዌርም አንድን መስመር የሚገልጸው በዚህ መንፈስ ነው፤ በቀን በአማካይ ስንት ፕሮቲን እንደሚሠራ፣ ምን ያህል ቀድሞ እንደሚበስል፣ ከክብደቱ ጋር የሚበላው እንዴት እንደሚያድግ።

በዚህ ዓይን ስታዪው ያንቺ ሁለት ቡድኖች ሌላ ታሪክ ይኖራቸዋል። የፒየትሬን ልጅ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ሆዱ ግን ጣሪያው ድረስ አያደርሰውም። ስለዚህ ተጨማሪ ቢበላ ገና ሥጋ ይሠራበታል። የዱሮክ ልጅ በደንብ ስለሚበላ መጨረሻ ላይ ጣሪያውን አልፎ ወደ ስብ ይገባል። 1015 ግራም የሚለው ጭማሪው ውስጥ ስንቱ ስብ ነው? እሱን ሳታውቂ «ዱሮክ ይሻላል» ማለት አትችዪም፤ ምናልባት ያ ጭማሪ በጣም ውድ ነው። እርባታ ጣቢያው የጀርባ ስብ በአልትራሳውንድ ለክቶ ከሆነ፣ ወይም ቄራው የቀይ ሥጋ መቶኛ መዝግቦ ከሆነ ለምኚያቸው። በ60 ኪሎና በ110 ኪሎ የተለካ የጀርባ ስብ ብቻ ቢኖርሽ እንኳ ጭማሪውን ወደ ሥጋና ስብ ለመክፈል መነሻ ታገኛለሽ። የበሉትን መጠን የሚያሳይ ዳታ ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱን ያዢ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ስለ አገር ቤት ነበር። አዎ፣ ዘዴው ይሠራል። ለዶሮ እንዲያውም ይበልጥ ይመቻል። ሆሮንም ሆነ ሌላ የአገር ዶሮ እስክትጥል ድረስ፣ ከዚያም በኋላ፣ መመዘን ይቻላል፤ ርካሽ ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው። ኩርባው ተኝቶ ሲያልቅ በዓይንሽ ታዪዋለሽ፤ ኤ የተለካ ቁጥር እንጂ ትንቢት አይሆንም። ስለዚህ የዶሮ ጽሑፎች ውስጥ ኤን በዘር ሲያወዳድሩ ብታዪና «እነሱ ካደረጉት እኔስ» ብትዪ፣ ልዩነቱ ይህ ነው።

ፍየል ላይ ግን ያው የአሳማው ችግር ይመጣል፤ ወንዱ ለዓመት በዓል ይሸጣል፣ ዳታውም እዚያ ይቆማል። በዚያ ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። በግጦሽ የምታድግ ፍየል በበጋ ትከሳለች፣ ዝናብ ሲመጣ ትመለሳለች። ጎምፐርትዝ ወደ ታች መውረድ አያውቅም። ወቅቱን ሞዴሉ ውስጥ ካላስገባሽ የድርቁን ወር እንደ ብስለት ይቆጥረዋል፤ በበጋ የተወለደችውንና በክረምት የተወለደችውን እንደ ሁለት ዘር ያሳይሻል። እዚያ ስትሠሪ ሴቶቹን አትልቀቂያቸው። መንጋው ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ። ከየዘሩ ጥቂቶቹን ሙሉ በሙሉ እስኪያድጉ፣ በየወቅቱ፣ ሳይረግዙ ባሉበት ጊዜ መዝኚ። ለያንዳንዱ ሚዛን የተወለዱበትን ወር፣ የወለዱበትን ጊዜና መንታ ይሁን ነጠላ መዝግቢ።

የአሳማውን ሥራ ስትጨርሺ የጋራ ኤ ያለውንና የሌለውን ሞዴል የኤአይሲ ልዩነት ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። የእናቶቹን ሚዛንም ካገኘሽ አብረሽ ላኪው፤ ኤን በእሱ አስረን ኬን እንደገና እንገምታለን፤ ያኔ «ፒየትሬን ቶሎ ይበስላል» የሚለው አባባል የሚቆም መሆኑን በቁጥር እናየዋለን።